«እኔ እኮ ምንም አልበላም» ለሚሉ ሁሉ የተዘጋጀ መመሪያ

ምግብ መቀነስ ከጀመሩ ሁለት ወር ሊሞላዎት ነው። መጀመሪያ ላይ ነገሩ ሁሉ ሠመረ። ቀበቶዎ አንድ ቀዳዳ ወደ ውስጥ ገባ፣ ጎረቤት «ምነው፣ አሞዎት ነበር እንዴ?» ብሎ ጠየቀ፣ እርስዎም ይህን እንደ ምስጋና ተቀበሉት። ከዚያ ሚዛኑ ቆመ። ቁርስ ይዘላሉ፣ ራት ይቀንሳሉ፣ የበሉትን ስልክዎ ላይ ይመዘግባሉ፤ ሚዛኑ ግን ያንኑ ቁጥር ይዞ ቁጭ ብሏል። ይህ መመሪያ የተጻፈው ለእርስዎ ነው። ረጋ ብለው ያንብቡት። በሚያነቡበት ጊዜ ቆሎ ከአጠገብዎ እንዳይኖር፤ ምክንያቱ ወደ በኋላ ይገለጻል።

ከሁሉ አስቀድመው ራስዎን አይጠርጥሩ። ሌላ ተጠርጣሪ ሞልቷል። መጀመሪያ ሚዛኑ አለ። ከምንጣፍ ላይ አንስተው ሴራሚክ ላይ ያድርጉት፣ ባትሪ ይቀይሩለት። ካላመኑት እግረኛ መንገድ ዳር ሚዛን አስቀምጠው በጥቂት ብር ሰው ወደሚመዝኑት ልጆች ይሂዱ። እዚያ የሚቆሙት ግን ከሰዓት በኋላ፣ ምሳ በልተው፣ ጫማ አድርገው፣ ሁለት ስልክና የቁልፍ መዓት ኪስዎ ውስጥ ይዘው ስለሆነ ውጤቱ ይበልጥ ያስከፋዎታል። ቀጥሎ አጥንትዎ አለ። «የእኔ አጥንት ከባድ ነው» ይበሉ። የሰው አጽም ከጠቅላላ ክብደቱ 15 በመቶ ገደማ ብቻ መሆኑን፣ ቦርጭ ውስጥም አጥንት አለመኖሩን አንስቶ የሚከራከርዎት እንግዳ አይመጣም። ከዚያ ዘር ይከተላል፦ «እኛ ቤት ሁላችንም እንዲህ ነን»። ሁሉም ከአንድ ድስት እንደሚበላ ማንሳት አያስፈልግም። በመጨረሻ ማንም የማይረታው ማስረጃ ይቀርባል፦ «እኔን እኮ ውሃም ያወፍረኛል!» የውሃ ካሎሪ ዜሮ ነው። ይሁን እንጂ ከልብ ከተነገረ ቤቱ ሁሉ አንገቱን ይነቀንቃል።

እነዚህ ሁሉ ተመርምረው በነፃ ከተለቀቁ በኋላ ነው እንግዲህ፣ ሳንቸኩል፣ ወደ መዝገቡ የምንመጣው።

እ.ኤ.አ. በ1992 ስቲቨን ሊችትማንና ባልደረቦቹ ኒው ዮርክ ውስጥ እንደ እርስዎ የተቸገሩ ሰዎችን አጥንተው ውጤቱን በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን አወጡ። ሰዎቹ «በቀን ከ1,200 ካሎሪ በታች እየበላን ክብደታችን አልቀንስ አለ» የሚሉ ነበሩ። ተመራማሪዎቹ በቃላቸው ብቻ አልረኩም። ሃይድሮጅኑና ኦክስጅኑ ልዩ ምልክት የተደረገበት ውሃ አጠጧቸው፤ ምልክቶቹ ከሰውነት የሚወጡበት ፍጥነት ሰውየው በቀን ስንት ካሎሪ እንዳቃጠለ ያሳብቃል። ሲታይ የሰዎቹ ሜታቦሊዝም ምንም እንከን የለበትም። የሚበሉትን በአማካይ 47 በመቶ አሳንሰው፣ እንቅስቃሴያቸውን ደግሞ 51 በመቶ አግንነው ነበር የጻፉት። ይህን ያደረጉት በጥናት ላይ መሆናቸውን እያወቁ፣ ደብተር ተሰጥቷቸው ነው። ውሸታሞች ስለሆኑ አይመስለኝም። ሰው የሚያስታውሰው ተቀምጦ የበላውን እንጂ ቆሞ የቀመሰውን አይደለም።

እነዚያ ግን እያንዳንዳቸው በየሳህናቸው የሚበሉ ሰዎች ነበሩ። ከአንድ ገበታ አይቋደሱም፣ ጉርሻ አይደርስባቸውም፣ «በሞቴ» የሚላቸው የለም። የእነርሱ ጉድለት 47 በመቶ ከሆነ የእኛን ለመገመት ድፍረት ይጠይቃል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለውን ኦዲት ያካሂዱ።

ሁሉም ሰው ኦዲቱን ከእንጀራው ይጀምራል፤ ስህተቱም ከዚያ ይጀምራል። እርስዎ ከዘይቱ ይጀምሩ። አንድ ግራም ስኳር ወይም ፕሮቲን 4 ካሎሪ ነው፣ አንድ ግራም አልኮል 7፣ አንድ ግራም ስብ 9። ይህን ስሌት ያወረሰን በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ኮኔክቲከት ውስጥ ሰው ክፍል ውስጥ አስገብቶ የሚወጣውን ሙቀት ይለካ የነበረው አሜሪካዊው ዊልበር አትወተር ነው። አሁን ወጥ ቤት ይግቡና ምግብ የሚሠራልዎትን ሰው፣ እናትዎም ትሁን ባለቤትዎ ወይም ሠራተኛዎ፣ በትሕትና «ሽሮው ውስጥ ምን ያህል ዘይት ገባ?» ብለው ይጠይቁ። መልሱ ከወዲሁ ይታወቃል፦ «ትንሽ ነው፣ ጠብ ነው ያደረግሁት።» የሾርባ ማንኪያ ሙሉ ዘይት 14 ግራም ገደማ፣ 120 ካሎሪ ያህል ነው። በጭልፋ ከሆነ ደግሞ፣ ጭልፋው 80 ሚሊ ሊትር ቢይዝ፣ «ጠብ» የተደረገው ከ650 ካሎሪ በላይ ነው።

ወጥ ቤት ውስጥ ክርክር አይግጠሙ፤ ከዚያ ክርክር አሸንፎ የወጣ ሰው አላውቅም። ይልቅ አዲሱ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን የተከፈተበትን ቀን በእስክሪብቶ ጎኑ ላይ ይጻፉና ዝም ይበሉ። ያለቀ ዕለት ሒሳቡን ያውጡ። አንድ ሊትር ዘይት 920 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ይህም ከ8,200 ካሎሪ በላይ ነው። አራት ሰው ያለበት ቤት 5 ሊትሩን በ30 ቀን ከጨረሰ ለእያንዳንዱ ነፍስ በቀን 345 ካሎሪ ደርሶታል ማለት ነው። ይህ ስልክዎ ላይ ካልተመዘገበ በወር ከ10,000 ካሎሪ በላይ ከመዝገብ ውጭ አለ። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ ደግሞ በግምት 7,700 ካሎሪ ነው። ራት ሳይበሉ ያደሩባቸው ሌሊቶች የት እንደገቡ እየፈለጉ ከነበረ ጀሪካኑ ውስጥ ናቸው።

ቅቤ ላይ ሲደርሱ ጥንቃቄ ያድርጉ፤ ጉዳዩ ቤተሰብ ያጣላል። ንጥር ቅቤ ከዘይት ብዙም አይለይም፣ 100 ግራሙ ወደ 900 ካሎሪ ይጠጋል። «ይሄ እኮ ከገጠር የመጣ ንጹሕ ቅቤ ነው፣ አያወፍርም» ይባላሉ። ንጹሕ መሆኑ እውነት ነው። እንዲያውም ንጹሕ በሆነ መጠን ውሃው ያነሰ፣ ካሎሪው የበዛ ነው፤ ሙዝ የተጨመረበት ቅቤ በዚህ ረገድ ለቦርጭ ይራራል። የክትፎውን፣ የገንፎውን መሐል፣ የጨጨብሳውን ቅቤ በማንኪያ ሳይሆን በግራም ይጻፉ። ለዚህ የሚያገለግለው የወጥ ቤት ዲጂታል ሚዛን መርካቶ ውስጥ አይጠፋም። ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ ካለዎትም «ምን ላምጣ?» ሲል ቪታሚኑን ትተው ይህን ይዘዙ።

ሌላም ረቂቅ ነገር አለ። ወጡ ላይ የሰፈፈው ዘይት ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ይጠፋል፤ የጠፋው ከሥሩ ያለው እንጀራ ውስጥ ነው። ያ እንጀራ መጨረሻ ላይ «እንዳይደፋ» በሚል የሚበላው ነው። በማንም መዝገብ ላይ ተጽፎ አያውቅም፤ የተበላው ለጥጋብ ሳይሆን ለቁጠባ ነዋ። የልጆች ትራፊም በዚሁ ሕግ ይዳኛል። ወላጅ ከሆኑና በየቀኑ ከልጅዎ ሳህን ላይ የቀረውን ፓስታ ቆመው የሚጨርሱ ከሆነ፣ ያ ፓስታ የልጅዎ ምሳ ሆኖ ይቀጥላል ብለው ተስፋ አያድርጉ።

አሁን ወደ እንጀራው እንምጣ። ስልክዎ ላይ «እንጀራ፣ 1» ብለው ጽፈዋል። የትኛው አንድ? የስልክ መዝገቦቹን አብዛኛውን ጊዜ የሚሞሏቸው ተጠቃሚዎች ራሳቸው ናቸው፤ ስለ አንድ እንጀራ የሚሰጡት ቁጥርም እርስ በርሱ በእጥፍ ሲለያይ ያገኙታል። ምናልባት የሞላው ሰው በሆነ ከተማ ሬስቶራንት ውስጥ ተጠቅልላ የምትቀርበዋን መዳፍ የምታክል ቁራጭ አይቶ ይሆናል። የእርስዎን ምጣድ ግን ያውቁታል። የኢትዮጵያ ምግቦች ይዘት ሰንጠረዥ ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው፤ ይሁንና ሰንጠረዥ የሚናገረው በ100 ግራም ሲሆን እኛ የምንናገረው «ግማሽ ብቻ» በሚል ነው። መፍትሔው ቀላል ነው። 100 ግራም የጤፍ ዱቄት 367 ካሎሪ ገደማ ይይዛል። ቤት ውስጥ የሚጋገር ከሆነ የተቦካውን ዱቄት ይመዝኑ፣ የወጣውን እንጀራ ይቁጠሩ። ከ5 ኪሎ ዱቄት 30 እንጀራ ከወጣ እያንዳንዱ ከ600 ካሎሪ በላይ ነው። ሩዝ ወይም ማሽላ ቢቀየጥበትም ቁጥሩ ብዙም ፈቅ አይልም። «ጤፍ እኮ አያወፍርም» የሚለውን እምነት ላለመንካት ስል እዚህ ላይ አልጨምርም።

«ግማሽ ብቻ» የሚለውም ምርመራ ይሻል። ግማሹ ሲያልቅ ወጥ ይተርፋል፤ ለወጡ እንጀራ ይጨመራል። እንጀራው ይተርፋል፤ ለእንጀራው ወጥ ይጨመራል። ይህ ሒደት በራሱ የሚቆምበት ቦታ የለውም፤ የሚቆመው ቡና ሲቀርብ ነው። ፍርፍር ላይ ደግሞ ሰው ሁሉ አንድ ጊዜ ብቻ ይመዘግባል። ፍርፍር እንጀራ በእንጀራ የሚበላበት፣ በመካከላቸው ዘይት የሚሸመግልበት ምግብ ነው። ሁለቱንም እንጀራዎችና ሽማግሌውን ይጻፉ።

ከሁሉ የሚከብደው ገበታው ነው። አምስት ሰው ከአንድ ትሪ ሲበላ የማን ድርሻ ስንት እንደሆነ የሚያውቅ የለም፤ ነገሩም እንዲታወቅ ተብሎ የተዘጋጀ አይደለም። እንግዲህ ሁለት አማራጭ አለ። አንደኛው በየሳህን መብላት ነው፤ ይህን ሲያደርጉ ቤተሰቡ ጠብ ያለ ይመስለዋል፣ ምናልባትም ሽማግሌ ይላካል። ሁለተኛው ገበታውን በሙሉ ከመበላቱ በፊትና ከተበላ በኋላ መዝኖ ለአምስት ማካፈል ነው። አማካይ ለሁሉም አይሠራም የሚሉ ይኖራሉ። ልክ ናቸው። አማካዩን ካወጡ በኋላ በእጅዎ ፍጥነት ልክ ጥቂት ይጨምሩበት።

ጉርሻ የተለየ አሠራር ይጠይቃል። አክስትዎ ድፍን ሙዳ በእንጀራ ጠቅልለው እጃቸውን ወደ አፍዎ ሲዘረጉ፣ እርስዎ ሚዛኑን አውጥተው «እቴቴ፣ እባክዎ አንዴ እዚች ላይ ያሳርፉልኝ» ይበሉ። እጃቸው አየር ላይ ይቀራል። «ምነው ልጄ፣ ሐኪም ምን አለ?» ይላሉ። ቁጥሩን እስኪያነቡ ይታገሱ፣ ከዚያ ይጉረሱ። አንድ ጉርሻ ያጣላል ስለሚባል ሁለተኛው አይቀርም፤ ለእርሱ ሚዛኑን ዜሮ ማድረግ እንዳይረሱ። ሦስተኛው በ«በሞቴ» የሚመጣ ነው፣ ከዚያ በኋላ ያሉት በ«አፈር ስሆን»። ደብተርዎ ላይ ለእነዚህ የሚሆን ለብቻው ዓምድ ያስምሩ። ሚዛን ማውጣቱ የማይቻልበት ቤት ካጋጠመ፣ የጎረሱትን በጣትዎ ይቁጠሩና ማታ እቤትዎ ያንኑ የሚያህል ጠቅልለው ይመዝኑ። ከመዘኑት በኋላ አይብሉት።

በአገራችን ሚዛን ላይ ወጥቶ ወደ አፍ የሚሄድ ምግብ ቢኖር ቁርጥ ነው። እዚህ ላይ ቢያንስ ማምለጫ የለም ብለው ያስቡ ይሆናል። ሥጋ ቤቱ 2 ኪሎ መዝኖ ቆርጦ አቀረበ፣ ለአራት ሆናችሁ በላችሁ፣ ትሪው ባዶውን ቀረ። በማግሥቱ አራቱን አንድ በአንድ ቢጠይቁ አራቱም «እኔ ብዙም አልበላሁም፣ ስጫወት ነው ያመሸሁት» ይላሉ። እንግዲህ 2 ኪሎውን የበላው ማን ነው? ድርሻው በሰው ግማሽ ኪሎ ነው፤ ጮማው በዛ ካለ ከ1,000 ካሎሪ ያልፋል። አዋዜው የዚህ ጉዳይ ተጠያቂ አይደለም። አብሮት የሄደው ቢራ ግን ነው፦ አምስት በመቶ አልኮል ያለው አንድ ባለ 330 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ 140 ካሎሪ ያህል አለው፤ አራት ጠርሙስ 560። «ቢራ ፈሳሽ ነው፣ ይወጣል» የሚለው ክርክር ስለ ውሃው እውነት ነው።

«በጾም ግን እከሳለሁ» የሚሉ አሉ። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ ሥጋና ቅቤ ለዚያን ያህል ጊዜ ከቀረ ሚዛኑ መውረድ ነበረበት። የማይወርደው ቅቤው በዘይት ስለሚተካ ነው፣ ያውም «የጾም ስለሆነ ይጣፍጥ እንጂ» በሚል ርኅራኄ በርከት ተደርጎ። የጾም በያይነቱ ላይ ያሉትን ወጦች አንድ በአንድ ይዩአቸው፤ ዘይት ያልገባበትን ካገኙ ለሌሎችም ይጠቁሙ። ሱፍና ተልባ በጎ ምግቦች ናቸው፣ ግን የቅባት እህሎች ናቸው። ሳምቡሳ፣ ፓስቲ፣ ቦምቦሊኖ፣ ሃላዋ፣ ዳቦ በለውዝ ቅቤ፣ እነዚህ ሁሉ በቀኖና ደረጃ ንጹሐን ናቸው፤ አትወተር ግን ቀኖና አያውቅም። ረመዳን ላይም ያው ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሳይቀመስ የተዋለው በአፍጥር ሳምቡሳ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሊመለስ ይችላል። ጾም ለነፍስ የታዘዘ ነገር ነው፤ ለቦርጭ የታዘዘ ሆኖ አያውቅም፣ ባልታዘዘበት ሥራም መገምገም የለበትም።

አሁን ቆሎው። ቡና ብቻውን ካሎሪ የለውም ማለት ይቻላል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ በሲኒ ሁለት ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር ከተጠጣ ግን ስድስት ማንኪያ ይሆናል፤ ለጥ ብሎ የተሰፈረ ማንኪያ 4 ግራም ስለሆነ 96 ካሎሪ ነው። የተቆለለ ማንኪያ የሚጠቀሙ ከሆነ ያውቁታል፣ ያባዙት። ቢሮ ላይ ያለውን ማኪያቶም እንዲሁ፣ ወተቱን ጨምረው። የቆሎው ችግር ግን የስኳሩን ያህል ግልጽ አይደለም። ቆሎ የሚበላው አእምሮ ሳያውቀው ነው፤ ሰው ሲያወራ እጁ ለብቻው ይሠራል። ለውዝ የተቀላቀለበት ከሆነ፣ ለውዝ 100 ግራሙ ወደ 570 ካሎሪ ስለሚጠጋ፣ 30 ግራም የምትሆን አንዲት እፍኝ ለውዝ 170 ካሎሪ ናት። ሦስት ጊዜ የዘገኑ ሰው ምሳ በልተዋል፤ እርሳቸው ግን ምሳ ሊበሉ ወደ ቤት እየሄዱ ነው። ይህን ጽሑፍ ሲጀምሩ ከአጠገብዎ የነበረው ቆሎ አሁን ስንት እንደቀረ ይመልከቱ።

ስለ ስፖርት ብዙ አልልም፤ ስለ ስፖርት ሰው ከበቂ በላይ ይነግርዎታል። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው 10 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ 700 ካሎሪ ያህል ያቃጥላል። እ.ኤ.አ. በ2001 የተጀመረው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ርዝመቱ ይኸው ነው። አንድ እሁድ ሮጡ፣ ጨረሱ፣ ሜዳልያ አጠለቁ፣ «ዛሬማ ይገባናል» ተባብለው ከጓደኞችዎ ጋር ጥብስ ቤት ገቡ። ከላይ ያለውን የቢራ ሒሳብ ያስታውሱና ጥብሱን ይደምሩበት። መሮጥ ለልብም ለእንቅልፍም ይጠቅማልና ይሩጡ። የሩጫውን ካሎሪ ግን በስልክዎ ላይ «የሚበላ» ብለው አይመዝግቡ፤ እነዚያ ኒው ዮርኮች 51 በመቶ ያገነኑት ይህንኑ ነው።

ከሚዛኑ ጋር ያለዎትን ግንኙነት ደግሞ ትንሽ ያቀዝቅዙ። የዶሮ ወጥ ማግሥት 2 ኪሎ ጨምሮ ቢያገኙት አይደንግጡ። 2 ኪሎ ስብ በአንድ ቀን ለማካበት ሰውነት ከሚያቃጥለው ሌላ ከ15,000 ካሎሪ በላይ መብላት ያስፈልጋል፤ ፋሲካም ቢሆን ይህን ማድረስ ያዳግታል፣ ለሞከሩት ሁሉ ክብር ይግባቸውና። የጨመረው ውሃ ነው። ጨው ውሃ ይይዛል፤ እንጀራውና ዳቦው በጡንቻና በጉበት ውስጥ ሲጠራቀምም በየግራሙ 3 ግራም ያህል ውሃ አብሮ ይቀመጣል። ሴቶች በወር አበባ ዑደት ሰሞን ያለ ምንም ጥፋት ክብደታቸው ከፍ ሊል ይችላል። በተገላቢጦሹ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ቀበቶዎን ያጠበበው ድል ከፊሉ ውሃ ነበር። ይህን በዚያን ጊዜ ያልነገርንዎት ደስታዎን ላለማደፍረስ ብለን ነው። ጠዋት ከሽንት ቤት መልስ፣ ቁርስ ሳይበሉ፣ በዚያው ሚዛን በየቀኑ ይመዘኑ፤ የሳምንቱን አማካይ ካለፈው ሳምንት አማካይ ጋር ያስተያዩ። አንድን ጠዋት ከአንድ ጠዋት ጋር ማስተያየት ለኑሮ መረበሻ ካልሆነ ጥቅም የለውም።

ቅዳሜና እሁድ የሳምንቱ ቀናት መሆናቸውንም ላስታውስ። አንዳንድ መዝገብ ዓርብ ማታ ይዘጋና ሰኞ ጠዋት ይከፈታል። ከሰኞ እስከ ዓርብ በየቀኑ 500 ካሎሪ ቢያጎድሉ 2,500 አተረፉ፤ ቅዳሜና እሁድ 1,250 1,250 ትርፍ ቢበሉ ሒሳቡ ተዘጋ፣ ዜሮ ለዜሮ። ሠርግ፣ ልደት፣ ክርስትና፣ ተዝካር፣ ዕቁብ፣ እነዚህ «ልዩ ቀን» ናቸው ከተባለ በአዲስ አበባ ልዩ ያልሆነ ቅዳሜ ፈልገው ያምጡ።

ቀልዱን ገታ አድርገን እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ሰውነት ሲከሳ የሚያቃጥለው ይቀንሳል። 95 ኪሎ ሆነው የሠራው ቁጥር 80 ኪሎ ሲሆኑ አይሠራም፤ ሒሳቡ በየጥቂት ኪሎው እንደገና መሠራት አለበት። ከዚህም በላይ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ኬቪን ሆልና ባልደረቦቹ ዘ ቢገስት ሉዘር በተባለው የቴሌቪዥን ውድድር እጅግ በፍጥነት የከሱ 14 ሰዎችን ከስድስት ዓመት በኋላ መርምረው፣ ሰውነታቸው በዕረፍት ላይ ሆኖ የሚያቃጥለው ከሚጠበቀው በቀን 500 ካሎሪ ያህል ዝቅ ብሎ አግኝተውታል። ስለዚህ ሚዛኑ ቆመ ብለው ምግብዎን እየቆረጡ እየቆረጡ ወደ ራብ አይውረዱ። ብዙዎቻችን መጀመሪያ የጎደለን የምግብ ቅነሳ አይደለም፤ የጎደለው ጽሕፈት ነው። ነፍሰ ጡር፣ የምታጠባ እናት፣ የስኳር ታማሚ፣ ወይም ከምግብ ጋር የተያያዘ ጭንቀት የነበረበት ሰው ደግሞ ይህን ሚዛን ከሐኪም ጋር ሳይማከር ወጥ ቤት ባያስገባው ይሻላል።

የእንቅርት ዕጢ ስንፍናም እውነተኛ በሽታ ነው፤ በደም ምርመራ ይታወቃል፣ በመድኃኒት ይታከማል። አንዳንድ መድኃኒቶችም ክብደት ይጨምራሉ። ዘይቱን፣ ቅቤውን፣ ጉርሻውን፣ ቆሎውንና ቅዳሜውን ጨምረው አራት ሳምንት ሙሉ መዝግበው የሳምንቱ አማካይ ፈቀቅ ካላለ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ሲሄዱም ደብተሩን ይዘው ይሂዱ፤ «እኔ እኮ ምንም አልበላም» የሚለውን ቃል ያለ ማስረጃ የሚሰማ ሐኪም ጨዋ ሆኖ ዝም ይላል እንጂ አያምንዎትም።